ቁልቁለት ላይ አልሳብ ስለሚል የመቀመጫ ቀበቶ

ጥያቄ፦ «በ1994 እ.ኤ.አ. የተሠራ ቶዮታ ኮሮላ አለኝ። የምኖረው ጅማ፣ ጅሬን በኩል ዳገቱ ላይ ነው። መኪናዬ ባለፈው ዓመት ዝገቷ ተነሥቶ ቀለም ተቀብታለች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከደጄ ላይ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጋ ስትቆም የሾፌሩ ቀበቶ አልሳብ ይለኛል፤ ከተማ ወርጄ ሜዳ ላይ ስቆም ግን ያለ ችግር ይወጣል። ከሰሞኑ ደግሞ እስከ መጨረሻው ተጠቅልሎ ጭራሽ እንደተያዘ ቀረ። አንዱ መካኒክ ዘይት አፍስስበት አለኝ፤ ሌላው ደግሞ ፈትቼ ጥርሱን ላውጣልህ፣ ለትራፊክ ጣል አድርገህ ትነዳለህ አለኝ። ምን ባደርግ ይሻላል?»

ምላሽ፦ ውድ ወንድማችን፣ በጥያቄዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ቀበቶው መያዙን መናገርዎ ሳይሆን የት እንደሚያዝ መግለጽዎ ነው። እዚሁ ጅማ ከሃያ ዓመት በላይ በጋራዥ ሥራ ስቆይ «ቀበቶዬ ተበላሸ» ተብለው ከመጡልኝ መኪኖች ጥቂት የማይባሉት ቀበቷቸው ጤነኛ ነበር፤ ያለ ቦታውና ያለ ጊዜው ሥራውን እየሠራ ነው እንጂ። የእርስዎም ከእነዚያ አንዱ ይመስለኛል። ስለዚህ ዘይትም ሆነ ካቻቪቴ ከመነሣቱ በፊት መጠቅለያው እንዴት እንደሚቆልፍ ላስረዳ።

በፊትና በኋላ በር መካከል ባለው ምሰሶ ግርጌ፣ ከፕላስቲክ ሽፋኑ ጀርባ፣ ቀበቶው የሚጠመጠምበት የብረት ቤት አለ፤ እኛ መካኒኮች ሪትራክተር እንለዋለን፣ እዚህ ግን መጠቅለያ ብለው ይበቃል። በአንድ ጎኑ እንደ ሰዓት ሞላ የተጠመጠመ ስስ ሞላ አለ፤ ሥራውም ቀበቶውን ወደ ውስጥ መመለስ ብቻ ነው። በሌላው ጎኑ ጥርሳማ ቀለበትና ጥርሱን የሚይዝ ጥፍር አለ። ጥፍሩን የሚያስነሡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የቀበቶው የራሱ ፍጥነት ነው፤ ቀበቶውን በድንገት ሲመነጭቁት ቀጥ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው የመኪናው እንቅስቃሴ ነው። በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ላይ የተቀመጠች፣ የልጆች ብይ የምትመስል የብረት ድብልቡል አለች፤ መኪናው በኃይል ፍሬን ሲይዝ ወይም ሲጋደል ወደ ሳህኑ ጠርዝ ትንከባለልና በላይዋ ያለውን ክዳን ትገፋለች፣ ክዳኑም ጥፍሩን ከጥርሱ ጋር ያገናኘዋል። በአንዳንድ መኪኖች በድብልቡሏ ፈንታ የተንጠለጠለ ፔንዱለም ይኖራል፤ ሥራው ግን አንድ ነው።

ድብልቡሏ ፍሬንን ከቁልቁለት ለይታ አታውቅም፤ ለእሷ ሁለቱም ከቦታዋ የሚያንከባልሏት ኃይሎች ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የመቀመጫ ቀበቶ ደንብ፣ ማለትም ደንብ ቁጥር 16፣ መጠቅለያው ከተገጠመበት አቋም እስከ 12 ዲግሪ ድረስ ቢያጋድል መቆለፍ እንደሌለበት፣ ከ27 ዲግሪ ካለፈ ግን የግድ መቆለፍ እንዳለበት የሚያዝዘው ለዚህ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ለአምራቹ የተተወ ነው። 12 ዲግሪ ደግሞ ቀላል ቁልቁለት አይደለም፤ 100 ሜትር ወደ ፊት ሲሄዱ 21 ሜትር የሚያወርድ መንገድ ማለት ነው፤ ሰው መኪናውን በፈቃዱ የሚያቆምበት ደጅ፣ ጅሬን ዳገት ላይ እንኳ ቢሆን፣ ይህን ያህል ቁልቁል ሆኖ አላጋጠመኝም። እንግዲያው በትክክል የተገጠመ መጠቅለያ ከደጅዎ ላይ መያዝ አልነበረበትም። በቁልቁለቱ ላይ የተደመረ ሌላ ዘመም ያለ ነገር መኖር አለበት፤ ያም ነገር ያለ ጥርጥር ያህል የመጣው ከቀለሙ ጋር ነው።

ምሰሶው በደንብ እንዲቀባ ሽፋኑና መጠቅለያው ይፈታሉ። መጠቅለያው የሚታሰረው ባመዛኙ በአንድ ወፍራም ቡሎን ነው፤ ከቡሎኑ ራቅ ብሎ ደግሞ ከመጠቅለያው ጀርባ የወጣች ትንሽ የብረት ጉጥ አለች፣ እሷም በምሰሶው ላይ በተዘጋጀላት ቀዳዳ ገብታ መጠቅለያውን ቀጥ አድርጋ ትይዘዋለች። ሥራ የበዛበት ቀለም ቀቢ ጉጧን ቀዳዳዋ ውስጥ ሳያስገባ ቡሎኑን ካጠበቀ፣ ቡሎኑ በሰዓት አዟዟር ሲዞር መጠቅለያውንም ይዞት ይዞራል። በሾፌሩ በኩል ይህ ማለት የመጠቅለያው አናት ወደ መኪናው አፍንጫ ያዘነብላል ማለት ነው። ስሌቱ እንግዲህ ይህ ነው፦ ደጅዎ ከ100 ሜትር 14 ሜትር የሚያወርድ ዓይነት ቁልቁለት ቢሆን 8 ዲግሪ ነው፤ መጠቅለያው ሲታሰር 6 ዲግሪ ወደ ፊት ካዘነበለ ድምሩ 14 ይሆናል፣ ከ12 ስላለፈም ድብልቡሏ ልትነሣ ትችላለች። ሜዳ ላይ የሚቀረው 6 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ቀበቶው እንደ ጤነኛ ይወጣል። እስካሁን ካልሞከሩት፣ መኪናዋን በዚያው በደጅዎ ላይ አዙረው አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ ያቁሟት፤ ሁለቱ ዘመሞች ስለሚጣፉ ቀበቶው የሚወጣ ከሆነ ምርመራው አብዛኛው አልቋል።

ነገር ግን አሁን ቀበቶው ጭራሽ ተይዟልና መጀመሪያ እሱን ማስለቀቅ ይገባል። ቁልቁለት ላይ ቆመው ደጋግመው ሲመነጭቁት ጥፍሩ ጥርሱን ነክሶ ቀርቷል፤ ቀበቶው እስከ መጨረሻው ስለተጠቀለለም ጥፍሩ የሚላቀቅባት ጥቂት ሚሊ ሜትር እንኳ አልተረፈችም። መኪናዋን ሜዳ ላይ ያቁሙ። ከዚያ ቀበቶውን ከመጠቅለያው አፍ አጠገብ በሁለት እጅ ይዘው፣ ሳይመነጭቁ፣ ጠንከር ባለ ኃይል ይሳቡትና በድንገት ይልቀቁት። ሲሳብ በውስጥ የተጠመጠመው ቀበቶ እርስ በርሱ ይጠብቃል፤ ሲለቀቅም ሞላው ያቺን የተገኘች ትርፍ ስቦ ስለሚያስገባ ጥርሱ ወደ ኋላ ፈቀቅ ይልና ጥፍሩ ይወድቃል። ብዙ ጊዜ ከአምስትና ከስድስት ሙከራ በኋላ «ቀጭ» የምትል ድምፅ ይሰማሉ፤ ያኔ ቀስ ብለው፣ ማር እንደሚቀዳ ሰው፣ ይሳቡ። ካልሆነልዎ ቀበቶውን በአውራ ጣትዎ ወደ መጠቅለያው እየገፉ የምሰሶውን ግርጌ በመዳፍዎ መታ መታ ያድርጉ። በመዶሻ አይደለም። ሽፋኑ ቀዳዳ ላይ ቀበቶው ታጥፎ ወይም ተጣሞ ተወሽቆ እንደሆነም በዚሁ አጋጣሚ ይዩ፤ አንዳንዱ «የተበላሸ» ቀበቶ ከዚህ ያለፈ በሽታ የለበትም።

አንድ ነገር በመሀል ላንሣ። ከሰሜን አሜሪካ የገቡ መኪኖች ባለቤቶች «የተሳፋሪው ቀበቶ አንዴ ከወጣ ቀጭ ቀጭ እያለ ወደ ውስጥ ብቻ ይሄዳል» እያሉ ይመጣሉ። ይህ ብልሽት አይደለም። ቀበቶው እስከ መጨረሻው ሲሳብ የሕፃን መቀመጫን አጥብቆ እንዲይዝ ወደተሠራ ሌላ አቆላለፍ ይለወጣል፤ ሙሉ በሙሉ እንዲጠቀለል ሲተዉት ወደ ቀድሞው ይመለሳል። የእርስዎ የሾፌር ቀበቶ ስለሆነ ይህ አይመለከትዎትም።

ቀበቶው ከወጣ በኋላ ሽፋኑን ይፍቱ። ከዚያ በፊት ግን የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ነቅለው ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠብቁ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ በአንዳንድ መኪኖች፣ በተለይ ኤርባግ ባላቸው፣ ከመጠቅለያው ጋር ባሩድ ያለበት ቀበቶ ማጥበቂያ ተያይዟል፤ ግጭት ሲኖር ባሩዱ ፈንድቶ ቀበቶውን በቅጽበት ወደ ኋላ ይስባል። ወደ መጠቅለያው የሚሄድ ሽቦና ባመዛኙ ቢጫ የሆነ ሶኬት ካዩ ይህ መሣሪያ አለ ማለት ነው፤ በዚያ ሁኔታ መጠቅለያውን ራስዎ አይፍቱ፣ ሶኬቱንም በቴስተር አይለኩ፣ ከቴስተሩ የሚወጣው ጥቂት ኤሌክትሪክ ሊያፈነዳው ይችላልና። ሽቦ የሌለው ከሆነ መጠቅለያው ባመዛኙ ከሞላና ከጥርስ በቀር ምንም የለበትም፤ ሆኖም ያለ ሽቦ የሚሠራ ማጥበቂያ ያላቸው መኪኖችም ስላሉ ይህ እንደሌለ አረጋግጠው በሥርዓት ይፍቱት።

ሽፋኑ ሲነሣ የመጀመሪያው ሥራ መመልከት ነው እንጂ መፍታት አይደለም። ከግንበኛ ቱምቢ ይዋሱ፤ ካልተገኘም በክር የታሰረ ዳዶ ይበቃል። መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ ቱምቢውን ከመጠቅለያው ጎን ያንጠልጥሉና የብረት ቤቱ ጠርዝ ከክሩ ጋር ትይዩ መሆኑን ይመልከቱ፤ በ10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ካፈነገጠ 6 ዲግሪ ገደማ ዘሟል። አንዳንድ መጠቅለያ ሲሠራም ዘመም ብሎ እንዲታሰር የታሰበ፣ የድብልቡሏ ሳህን ብቻ ቀጥ እንዲል የተደረገ ስለሚሆን፣ ከክሩ ይልቅ የሚታመነው ጉጧ ቀዳዳዋ ውስጥ መግባቷ ነው። በእጅ ባትሪ ከጎን ያብሩ። ጉጧ ከቀዳዳው ጠርዝ ላይ ተደግፋ፣ አዲሱን ቀለም ፍቃ፣ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጭረት ትታ ያገኟታል ብዬ እገምታለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ቀዳዳው ራሱ በስቱኮና በቀለም ተደፍኖ ጉጧ የምትገባበት ያጣል፤ ያን ጊዜ ቀዳዳውን በቢላ ጫፍ ጠርጎ መክፈት ነው።

ቡሎኑን አላልተው ጉጧን ያስገቡ፣ መጠቅለያውን በአንድ እጅ ቀጥ አድርገው እንደያዙ በሌላው ያጥብቁ። ስለዚህ ቡሎን ጥቂት ልዘርዝር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነውና። የቀበቶ ቡሎን ተራ የሚሊ ሜትር ቡሎን አይደለም፤ የጃፓን መኪና ላይ እንኳ 7/16 ኢንች ውፍረትና በአንድ ኢንች ውስጥ 20 ጥርስ ያለው ነው። የጠፋውን በ12 ሚሊ ሜትር ቡሎን በጉልበት የሚተኩ ሰዎች በምሰሶው ውስጥ የተበየደውን ዳዶ ጥርስ ያበላሻሉ፤ በ10 ሚሊ ሜትር የሚተኩት ደግሞ የያዘ የሚመስል፣ ሲፈለግ ግን የሚነቀል ነገር ያስራሉ። የብዙ ቶዮታዎች የማጥበቂያ ልክ 42 ኒውተን ሜትር ነው፤ ቶርክ ሬንች ከሌለ በ25 ሳንቲ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ 17 ኪሎ ያህል ኃይል ማለት ነው። መጀመሪያ አራት አምስት ዙር በጣት ብቻ መግባት አለበት፤ በጣት አልገባም ካለ ጥርሱ ላይ ቀለም ገብቷልና ያጽዱት።

መጠቅለያው ክፍት ሳለ የምሰሶውን ግርጌም ይፈትሹ። አንድ ጊዜ ከአጋሮ መንገድ ቡና ሲያመላልስ የኖረ ስቴሽን ዋገን መጥቶልኝ ሽፋኑን ሳነሣ፣ ከተቀደደ ኬሻ የተንጠባጠበ ጀንፈልና ገለባ ምሰሶው ውስጥ ሞልቶ፣ አይጥ ጎጆ ሠርታበት ነበር። ገለባው ከቀበቶው ጋር አብሮ እየተጠቀለለ ጥቅሉን ስላወፈረው ቀበቶው ገና ሩብ ሲቀረው ከብረት ቤቱ ጋር እየተፋተገ ይቆም ነበር፤ ባለቤቱ ሞላው ደክሟል ብሎ ሌላ መጠቅለያ ሊያስመጣ ገንዘብ ሊልክ ነበር። ጎሚስታ ቤት ወስደን በኮምፕሬሰር አየር አስነፋነውና ተስተካከለ፤ ሆኖም አይጧ የቀበቶውን ጠርዝ አንድ ጣት ያህል በልታው ስለነበር ያንን መኪና በመጨረሻ ቀበቶ ከመለወጥ አላዳንነውም። አየር ሲያስነፉ ከሩቅ ይሁን፤ በቅርብ ከተነፋ አቧራውን ወደ ድብልቡሏ ሳህን ያስገባዋል።

እርስዎ ባያነሡትም ቀበቶዎ ቀስ ብሎ የሚመለስ ከሆነ ሞላውን ከመጠርጠርዎ በፊት እጥበቱን ይሞክሩ። በትከሻ አጠገብ ቀበቶው የሚያልፍበት ቀለበት ላይ ላብ፣ የዴዶ ወረዳ መንገድ ቀይ አቧራና የእጅ ቅባት ተጋግሮ እንደ ሰም ይሆናል፤ እሱን በእርጥብ ጨርቅ መፈግፈግ ብቻ ብዙ ቀበቶ ያስተካክላል። ቀበቶውን ሲያጥቡ እስከ መጨረሻው ስበው ከመጠቅለያው አፍ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ይያዙት፤ ለብ ባለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ያሹት፤ በረኪናና ቤንዚን አያስጠጉት፣ ክሩን ያዳክማሉና። ከዚያ ጥላ ውስጥ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ፈጽሞ እስኪደርቅ ይተዉት። በእኛ አገር ክረምት ይህ አንድ ቀን ላይበቃው ይችላል፤ እርጥብ ሆኖ ከተጠቀለለ ይሻግታል፣ በመጠቅለያው ውስጥም ዝገት ይጀምራል።

አሁን ወደተሰጡዎት ሁለት ምክሮች ልመለስ። ዘይት የሚሉት ሰዎች ክፋት የላቸውም፤ የበር ማጠፊያ ሲጮህ ዘይት እንደሚረዳው ይህም ይረዳዋል ብለው ነው። ነገር ግን ድብልቡሏ የምትሠራው በደረቅ ሳህን ላይ ነው። ዘይት ወይም ግራሶ ከገባ አቧራ ይሰበስባል፣ አቧራውም ይጋገራል፣ ከዚያ ወይ ድብልቡሏ ከፍ ብላ ትቀርና ቀበቶው ሁልጊዜ ይያዛል፤ ወይ ደግሞ፣ ይህ የከፋው ነው፣ ከሳህኗ ጋር ትጣበቅና ሲያስፈልግ አትነሣም። የኋለኛው ምንም ምልክት አይሰጥም፤ ቀበቶው በየቀኑ እንደ ቅቤ እየለሰለሰ ይወጣል፣ ባለቤቱም ዘይቱን ያመሰግናል።

ጥርሱን ስለማውጣት ግን ለስላሳ ቃል የለኝም። ጥርሱ የወጣለት ቀበቶ በግጭት ጊዜ ሞላው ብቻ ነው የሚይዘው፤ ያ ሞላ ደግሞ አንድ ልጅ በአንድ ጣቱ የሚስበው ነው። ለትራፊክ ፖሊስ የሚታየው ቀበቶ ለመሪው የሚታይ አይደለም። ከዚህም ሌላ ያንን የፕላስቲክ ክዳን የሚከፍተው ሰው ሞላው ተወንጭፎ እጁን ሊቆርጠው፣ መልሶም በልኩ ሊጠመጥመው ላይችል ይችላል። ስለዚህ ወሰኑ ግልጽ ነው፦ እስከ መጠቅለያው ውጫዊ ብረት ድረስ ማንም ጠንቃቃ ሰው ሊሠራ ይችላል፤ የብረት ቤቱ ውስጥ ግን እኔም አልገባም፣ እለውጠዋለሁ እንጂ።

መለወጥ የሚያስፈልገው ጉጧ ገብታ፣ ቀበቶው ጸድቶ፣ ሜዳ ላይ ሆኖም የሚይዝ ከሆነ፣ ወይም ቀበቶው ጠርዙ ከተበላ፣ ከተቀደደ፣ ወይም መኪናው ከባድ ግጭት ካስተናገደ ነው። የተቀደደውን ቀበቶ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዶ ማሰፋት አይቻልም፤ በደንብ ቁጥር 16 መሠረት ቀበቶው ሳይበጠስ ቢያንስ 14.7 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም ወደ 1,500 ኪሎ የሚጠጋ ጭነት መሸከም አለበት፣ የሱሪ ክር ይህን አያውቅም። ጅማ ካልተገኘ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ማስመጣት የተለመደ ነው። ሲያስመጡ የሾፌር በኩል መሆኑን ያረጋግጡ፤ የተሳፋሪው መጠቅለያ ቡሎኑ ቢገጥም እንኳ ድብልቡሏ የተስተካከለችው ለሌላኛው ምሰሶ ስለሆነ አሁን ያለብዎትን ችግር መልሰው ይገዙታል። የሚቀበልልዎ ሰው በእጁ ይፈትነው፦ እንደሚታሰርበት ቀጥ አድርጎ ይዞ ቀስ ብሎ ሲስበው መውጣት፣ ሲመነጭቀው መያዝ አለበት። የቶዮታ የቆዩ የጥገና መመሪያዎች ደግሞ መጠቅለያውን ቀስ እያሉ ሲያጋድሉት እስከ 15 ዲግሪ ድረስ ቀበቶው መሳብ እንዳለበት፣ ከ45 ዲግሪ በላይ ግን መሳብ እንደሌለበት ያዝዛሉ፤ ይህን ሱቁ በር ላይ ቆሞ መሞከር ይቻላል። ሻጩ ካስከለከለው ሌላ ሱቅ አለ።

ሲጨርሱ ሰው በሌለበት ሜዳ መንገድ ላይ ቀበቶዎን አስረው በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄዱ አጥብቀው ፍሬን ይያዙ፤ ቀበቶው ደረትዎን መያዝ አለበት። ሲፈትኑ መሪውን ያዝ አድርገው፣ ላይይዝ ይችላል ብለው ተዘጋጅተው ይሁን። ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ ሾፌሩ ቀበቶ የለውምና መኪናዋን ባያንቀሳቅሷት እመርጣለሁ፤ የግድ ከሆነም ከመኖሪያዎ እስከ ጋራዥ ብቻ፣ በቀስታ።

በመጨረሻ፣ ቀለም ቀቢው የፈታው አንድ ምሰሶ ብቻ አይሆንምና የተሳፋሪውንም ጎን ይመልከቱ። በዚያኛው በኩል ቡሎኑ ሲጠብቅ መጠቅለያውን የሚያዞረው ወደ ተቃራኒው ስለሆነ አናቱ የሚያዘነብለው ወደ ኋላ ነው፤ ስለዚህ በደጅዎ ላይ አፍንጫዋ ወደ ታች ስትቆም በሰላም ይወጣል፣ የሚይዘውም መኪናዋ ወደ ዳገቱ ስትዞር ነው። አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርገው ያቁሟትና ያንን ቀበቶ ቀስ ብለው ይሳቡት።